ያልተነሳው ሞተር

«እኔ ሳልል እጅሽ እንዳይነካው!»

ካፒቴን ዌንደል ክራትስ ይህን የተናገረው ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ነው። ረዳት አብራሪዋ ያሪሳ ኦኬንዶ እጇን የዘረጋችው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያስቀመጠችውን የውሃ ጠርሙስ ልታነሳ ነበር። ከጠርሙሱ ትንሽ ወረድ ብሎ የቀኙ ሞተር ማስነሻ አለ።

«ውሃ ልጠጣ ነው፣ ካፒቴን።»

«ጠጪ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ፈጣን ልጅ ከፊታችን አስራ ምናምን አውሮፕላን ተገትሮ ሳለ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጁን በከንቱ ሲያነደው ቆየ። እኔ ጋ እንደሱ የለም። ሞተሩ የሚነሳው እኔ ‹አስነሺ› ስል ነው። እስከዚያ ስጠይቅሽ ብቻ ተናገሪ።»

«እሺ።»

ያሪሳ ውሃውን ሳትቀምሰው መልሳ አስቀመጠችው። ጥሟ ጠፍቶ ነበር።

የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነው። ከኒውዋርክ አየር ማረፊያ በስተምዕራብ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ወደዚያ የሚሄዱት አውሮፕላኖች ሁሉ ደመናው መንገድ እስኪሰጣቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የእነሱ አውሮፕላን ወደ ሚኒያፖሊስ ነው፤ አንድም ባዶ ወንበር የለውም። በግራ ሞተሩ ብቻ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። የኩባንያው አሠራር ነው። ተሳፋሪ ከጫኑበት በር ሲወጡ በአንድ ሞተር ያኮበኩባሉ፤ ተራቸው ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛውን አስነስተው ያሞቁታል። በዚህ የሚተርፈው ነዳጅ ለአንድ በረራ ሲታሰብ ምንም አይመስልም። የዓመቱ በረራ ሁሉ ሲደመር ግን ብዙ ነው፤ የሚቀረው ጭስም እንደዚያው።

አሠራሩን ኒውዋርክ ላይ ያስጀመረው ክራትስ ራሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አለቆቹን ሲነዘንዝ፣ አብራሪዎቹን ሲቆጣ ኖሯል። በር ላይ ስትቆሙ መብራትና አየር የሚሰጠውን የጅራቱን ትንሽ ሞተር አጥፉና የመሬቱን ኤሌክትሪክ ሰኩ ይላል። ጸሐይ እንዳይገባ የመስኮት መጋረጃ ዝጉ ይላል። ማንም የማይጠጣውን ውሃ ሚኒያፖሊስ ድረስ ተሸክማችሁ የምትመልሱት ለማን ብላችሁ ነው ይላል። አብራሪዎቹ በሌለበት «ካፒቴን ጠብታ» ይሉታል። ሰላምታ የማያውቅ፣ ምስጋና ካፉ የማይወጣ፣ ሰውን እንደ ተማሪ የሚያቆም ሰው ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ትክክል መሆኑ ነው።

ያሪሳ ትክክል መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። የተወለደችው ከዚሁ አየር ማረፊያ አጥር ማዶ፣ ኤልዛቤት በምትባለው ከተማ ውስጥ ነው። እናቷ ልብስ ደጅ ማስጣት የተወችው ያሪሳ ገና ተማሪ ሳለች ነው፤ አንሶላው ሲደርቅ የነዳጅ ሽታ ይዞ ይገባ ነበር። እህቷ እስከ ዛሬ የአስም መድኃኒቷን ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ በአንድ ሞተር የማኮብኮቡ ነገር ገና ሲወራ ደስ ካላቸው ጥቂቶች አንዷ እሷ ነበረች። የሚመርራት ከክራትስ አፍ ሲወጣ ብቻ ነው።

ለዚህ ደግሞ ምክንያት አላት። ከዓመት በፊት ወደ ካፒቴንነት ለማደግ በረራን በሚያስመስለው ሲሙሌተር ስትፈተን ፈታኟ እሱ ነበር። ጣላት። መጣሉስ ይሁን፣ ሰው ነውና ይወድቃል። ግን ከክፍሉ ሲወጡ፣ ሁለት ባልደረቦቿ ቆመው በሚሰሙበት፣ «እጇ ፈጣን ነው፤ ጭንቅላቷ ገና ነው» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣም። ሁለተኛውና የመጨረሻው ዕድሏ የፊታችን ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የመጨረሻ በረራዋን ደግሞ የሥራ ምድቡ ከዚሁ ሰው ጋር አጣመራት።

የውስጥ ስልኩ ጮኸ። ዋናዋ አስተናጋጅ ግዌን ናት፤ በዚህ ሥራ ያረጀች፣ ካፒቴን ምናምን የማትፈራ ሴት።

«ዌንደል፣ እዚህ ኋላ ሰው እየተቀቀለ ነው! አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። ትንሽ ቀዝቃዛ አየር ላክልን እንጂ!»

«መጋረጃዎቹን አስዘጊ።»

«ተዘግቷል። አሁን በጨለማ እየተቀቀሉ ነው።»

«እንግዲያው ውሃ አድያቸው።»

«ውሃውንማ አስቀንሰህብኝ የለ እንዴ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ያሪሳ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጎን መስኮቱ ዞረች። ክራትስ ግን አይቷታል።

«የሚያስቅ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ጠዋትም ተጨማሪ ነዳጅ እናስሞላ ስትይ ነበር። ለምንድን ነው? ለጌጥ?»

«ምዕራቡ ጠቁሯል። ደመናውን በሩቁ መዞር ቢያስፈልገን ብዬ ነው።»

«ለመዞሪያ የሚበቃው ተሞልቷል፤ አይቼ ፈርሜበታለሁ። ነዳጅ ራሱ ይከብዳል። ትርፉን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። ይህን ሳታውቂ ነው ሰኞ የምትፈተኚው?»

«አውቃለሁ።»

«እስቲ እናያለን። የሰኞው ፈታኝ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ስለ ዛሬው ውሎሽ ሳይጠይቀኝ አይቀርም።»

ይህን ያለው ቀለል አድርጎ፣ ስለ አየሩ ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው። ያሪሳ ደሟ ፊቷ ላይ ሲወጣ ተሰማት። መልስ ለመስጠት አፏን ብትከፍት ዝም ማለት እንደማይሆንላት ስለገባት ጥርሷን ነክሳ ከፊታቸው የቆመውን አውሮፕላን ጅራት ማየት ቀጠለች።

በዚህ መሀል የአየር ማረፊያው ማማ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ጠራቸው።

«የሚኒያፖሊሶች፣ ደመናው በሰሜን በኩል ተከፍቷል፤ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። በቀኝ በኩል ከሰልፉ ውጡና እዚያ ጥግ ባለው መግቢያ ወደ መንደርደሪያው ግቡ፣ አሁኑኑ እለቃችኋለሁ። ዝግጁ ናችሁ?»

መሬት ላይ አውሮፕላኑን የሚነዳው ካፒቴኑ ነው፤ ሬዲዮው የረዳቱ ነው። ያሪሳ ወደ ክራትስ ዞረች። ትክክለኛው መልስ ቀላል ነበር፦ ጥቂት ደቂቃ ስጠን፣ ሞተር እናስነሳ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይጠብቅም፤ እምቢ ካሉት ለሌላው ይሰጣል። ለክራትስ የታየው ያን ሁሉ ሰልፍ አልፎ መውጣቱና ቆሞ ሊቃጠል የነበረውን ነዳጅ ማዳኑ ነው። ዓይኑ በራ።

«ዝግጁ ነን በይው!»

«ዝግጁ ነን» አለች ያሪሳ።

አውሮፕላኑ ከሰልፉ ወጥቶ ሌሎቹን እያለፈ ወደ መንደርደሪያው ገሰገሰ። ከመነሳታቸው በፊት የሚያነቡት ቼክሊስት ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ከበሩ እንደወጡ ይነበባል። ሁለተኛው የሚነበበው ቀኙ ሞተር ከተነሳ በኋላ ነው፤ የሚጀምረውም «ሁለቱም ሞተሮች ተነስተዋል?» በሚል ጥያቄ ነው። ያሪሳ ቼክሊስቱን አነሳች።

«ሁለተኛውን ክፍል ላንብበው?»

«አንብበናል!» አለ ክራትስ፣ እጁን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እያወናጨፈ። «ሬዲዮሽን ስሚ!»

አላነበቡም። ያነበቡት የመጀመሪያውን ነው። ክራትስ በችኮላ ሁለቱን ቀላቅሎታል። ያኔ ያሪሳ ፊት ለፊቷ ያለውን ማሳያ አየች። የግራው ሞተር ቁጥሮች በቦታቸው አሉ፤ የቀኙ ሁሉም ዜሮ ናቸው።

አንድ ቃል በቂ ነበር። «ሞተሩ» ብትል በቂ ነበር። አፏ ሊከፈት ሲል «ስጠይቅሽ ብቻ ተናገሪ» ያለው ትዝ አላት፤ «ጓደኛዬ ነው» ያለውም፣ ከዓመት በፊት የሳቀው ያ ሳቅም ተከታትለው መጡ። አልጠየቀኝም፣ አለች በልቧ። ራሱ ያግኘው። ሲያገኘው ደግሞ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ታጥፎ ቀና አለ። አሁንም ጊዜ ነበር፤ ያሪሳ አሁንም ዝም አለች። ክራትስ ረስቷል። እሷ ግን አልረሳችም፤ ከኋላዋ የተሳፈሩትን ሰዎች ሁሉ ይዛ ነው ያኮረፈችው።

የመነሻ ፈቃድ ተሰጠ። ክራትስ ሁለቱንም የኃይል መስጫ እጀታዎች ወደፊት ገፋ።

ግራው ሞተር አገሳ። ከቀኙ መልስ አልመጣም። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፣ የማስጠንቀቂያው ደወል ተንጫጫ፣ ክራትስ እጀታዎቹን መልሶ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው። ፍጥነታቸው ገና ከብስክሌት አይበልጥም ነበር። ቢሆንም ሁሉም ነገር ተንገጫግጮ፣ ኋላ የሆነ ዕቃ ወድቆ፣ ሰው ጮሆ፣ አውሮፕላኑ ወደ ሣሩ አፍጥጦ ቆመ።

«ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያለ ክራትስ ማሳያው ላይ አፈጠጠ። ከዚያ አየው። ፊቱ ወረቀት መሰለ። ያሪሳ ልታየው የፈለገችው ፊት ይኸው ነበር፤ ሲመጣ ግን አላስደሰታትም።

ያን ቀን በዚያው መንደርደሪያ ላይ የሚያርፍም ነበር። ጎማውን ዘርግቶ የመጣ አንድ ትልቅ አውሮፕላን፣ ተቆጣጣሪው «አትረፍ፣ ወደ ላይ ውጣ!» ሲለው ሞተሮቹን እያስጓራ ከጭንቅላታቸው በላይ አለፈ። አሁን ሰፊ ዙር ዞሮ ተመልሶ ሊሰለፍ ነው። በዚህ አንድ ዙር የሚያቃጥለው ነዳጅ ክራትስ በስንትና ስንት ቀን ማኮብኮብ ጠብታ በጠብታ ያጠራቀመውን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል።

«የሚኒያፖሊሶች፣ ምን ገጠማችሁ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«የማስጠንቀቂያ መብራት በይው» ሲል ክራትስ አንሾካሾከ።

ያሪሳ ሬዲዮውን ተጫነች። «ቀኙ ሞተር አልተነሳም ነበር። ሳናስነሳው ነው የገባነው። ከመንደርደሪያው ልንወጣ ነው።»

የተናገረችው እውነት ነው። የተናገረችው ግን እውነት ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ በሰልፉ ላይ ያለ አብራሪ ሁሉ በዚያው ሬዲዮ እንደሚሰማ ታውቃለች። ብዙም አልቆዩም።

«አንዱን ሞተር ቤት ረስታችሁት ነው?» አለ አንዱ።

«ካፒቴን ጠብታ ከሆነ አልረሳውም፤ ሚኒያፖሊስ ድረስ በአንዱ ሊቆጥብ አስቦ ነው!» አለ ሌላው።

«ዝም በሉ፣ ሥራ ላይ ነን» ብሎ ተቆጣጣሪው ገሠጻቸው። በእሱም ድምፅ ውስጥ ሳቅ ነበር።

ክራትስ ስሙን ሲሰማ ዓይኑ ተርገበገበ። ካፒቴን ጠብታ እንደሚሉት እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር ማለት ነው። አውሮፕላኑን በግራው ሞተር እየጎተተ ከመንደርደሪያው አወጣና ዳር ያዘ።

ስልኩ ጮኸ። ግዌን ናት፤ አሁን ቀልድ የላትም።

«ምን ሆነን ነው? አንዲት ሴትዮ የውሃ ጠርሙሷን ከወንበሩ ሥር ለማውጣት ጎንበስ እንዳለች ፊቷ ከፊት ለፊቷ ወንበር ጋር ተጋጭቷል። አፍንጫዋ እየደማ ነው። በረዶ ይዘንላታል።»

«ሌላስ?» አለ ክራትስ።

«ሌላው ደንግጧል እንጂ ደህና ነው። ሴትዮዋ ግን ታለቅሳለች።»

ያሪሳ ጠርሙሷን አየችው። በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ ካስቀመጠችበት አልተነቃነቀም። ደሙ የማን እንደሆነ፣ ያፈሰሰችውም ማን እንደሆነች ለራሷ ልትደብቀው አልቻለችም።

ቀጥሎ የኩባንያው ሬዲዮ ተከፈተ። የኒውዋርክ አብራሪዎች አለቃ ሎሬይን ፊስክ ናት።

«ዌንደል፣ የሚወራው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ቼክሊስቱስ?»

«ያነበብነው መስሎኝ ነበር።»

ሎሬይን ተነፈሰች። «ይህንኑ ነበር የፈራሁት። ስማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኒውዋርክ ላይ በአንድ ሞተር ማኮብኮብ ቆሟል፤ ሁሉም በሁለት ይሂድ። ጥፋቱ የአሠራሩ ነው፣ አብራሪን ያዘናጋል ብዬ ለበላይ ላሳውቅ ነው። ለእናንተም እሱ ነው የሚሻለው፤ ለአንተም ለእሷም። ወደ በር ተመለሱ።»

ክራትስ «እሺ» አለ። ለመከራከር እንኳ አልሞከረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱን አስቀይሞ ያቆመው ነገር በአንድ ትንፋሽ ሲፈርስ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ያረጀ መሰለ። ከዚያ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ፦

«ሁለተኛውን አስነሺ» አለ።

«ወደ በር እኮ ነው የምንመለሰው። ምን ያደርግልናል?»

«ሰምተሻል። ሁሉም በሁለት። ደስ አላለሽም? ሰኞ ገብተሽ ካፒቴን ትሆኛለሽ፤ ከዚያ ደስ ባለሽ ቁጥር ታነጂዋለሽ።»

ያሪሳ እጇን ወደ ማስነሻው ሰደደች። ከፊታቸው ሰልፉ አሁንም እንዳለ ነው፤ የአውሮፕላኖቹ ጅራት በሙቀቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከእነሱ ኋላ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወዲያ የኤልዛቤት ጣሪያዎች ይታያሉ። የእናቷን ቤት ከዚህ ለይታ ማየት አትችልም፤ የት ጋ እንዳለ ግን ታውቃለች። ከነገ ጀምሮ ይህ ሁሉ ሰልፍ በሁለት ሞተር ቆሞ ሊያጨስ ነው። ምክንያቱ ደግሞ እሷ ናት፤ አንድ ቃል ስለነፈገች። ዝም ካለች ማንም አያውቅም። ጥፋቱ የአሠራሩ ይሆናል፣ ሰኞም እንደ ሰኞነቱ ይመጣል።

ማስነሻውን ትታ የኩባንያውን ሬዲዮ ተጫነች።

«ካፒቴን ሎሬይን፣ ያሪሳ ነኝ። አሠራሩን ከማስቆምዎ በፊት አንድ ነገር ይስሙኝ። ካፒቴን ክራትስ ረስተው ነው። እኔ ግን አልረሳሁም። መንደርደሪያው ላይ ከመግባታችን በፊት ቀኙ ሞተር እንዳልተነሳ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።»

«ዝም አልኩ ማለት ምን ማለት ነው? ለምን?»

«ተናድጄባቸው ነበር።»

«ያሪሳ፣ የምትናገሪው ገብቶሻል? ሰኞ ፈተና አለብሽ።»

«ገብቶኛል። አሠራሩማ ቆማችሁ አስነሱ፣ አንብቡ ነው የሚለው። እኛ ነን ያላደረግነው።»

«በቃ። ሌላ ቃል በሬዲዮ አልፈልግም» አለች ሎሬይን፣ ድምፅዋ ደርቆ። «በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። የማሳውቀውን ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ።»

ክራትስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቱን አዙሮ አያት።

«አይተሽ?»

«አይቼ።»

«ያን ሁሉ ሰው ይዘን?»

«አዎ።»

«እኔ ላይ ልትስቂ?»

«አዎ።»

«እኔ ራሴ ነኝ ለጓደኛዬ የምደውልለት» አለ ክራትስ። «ሳይጠይቀኝ። አንቺ የካፒቴን ወንበር ላይ እንዳትቀመጪ አንድ በአንድ ነው የምነግረው።»

«ይንገሩት። ‹አንብበናል› ያሉትንም አይርሱ።»

«አልረሳም። ደግሞ እንዳመሰግንሽ አትጠብቂ።»

«አልጠበቅኩም።»

ክራትስ ፍሬኑን ለቀቀ። አውሮፕላኑ ሊነቃነቅ ሲል ያሪሳ የተሰጣት ትዕዛዝ ገና እንዳለ ትዝ አላት። በእጇ ማስነሻውን አሳየችው።

«ሞተሩን ላስነሳው?»

ክራትስ ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ አየ። ረጅም ነው፤ ሰልፉን በሙሉ፣ እነዚያን ሲስቁበት የነበሩትን ሁሉ እያለፉ ነው የሚሄዱት።

«እኔ ሳልል እጅሽ እንዳይነካው» አለ።

ያሪሳ እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገች። አውሮፕላኑ በግራ ሞተሩ ብቻ በሰልፉ ፊት እያለፈ ወደ በሩ ተመለሰ።